የአማርኛ መጽሐፍ ሶፍት ኮፒ በስክሪን ሪደር እንዲነበብ ራሳችን እንዴት እናስተካክለዋለን

ባህር ዳር ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) በር አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ገብታችሁ የሆነ ሞጁል ሶፍት ኮፒ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ፍላሻችሁ ላይ ይገለብጡላችኋል። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግን ስክሪን ሪደሩ (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ሚያነብልን ፕሮግራም) ወይ ጭራሽ ዝም ይላል ወይ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይደረድራል። ብዙ አይነ ስውር ልጆች እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጠው አይናማ ጓደኛ እስኪመጣና እስኪያነብላቸው ይጠብቃሉ፣ ፈተናው ደግሞ አይጠብቅም። ፋይሉን ግን ራሳችን ማስተካከል እንችላለን፣ በኪቦርድና በጆሮ ብቻ፣ አንዴ ከተስተካከለ ደግሞ ከናንተ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይሆናል። እኔ በዚህ በጣም ነው ማምነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ላስረዳ። ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ስለ ጣና ሀይቅና ስለ ዓሣው የተጻፈ ሞጁል እጃችን ላይ አለ እንበል።

ምን ምን ያስፈልጋል

ስክሪን ሪደሩ ኤንቪዲኤ ነው፣ ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይ ይሰራል። ማይክሮሶፍት ዎርድ። ከዛ ዎርዱን ወደ ኢፐብ (የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፋይል አይነት) ሚቀይረው ዎርድ ቱ ኢፐብ እና ኢፐቡን ሚመረምረው ኤስ (Ace)፣ ሁለቱም ከዴይዚ ኮንሶርቲየም በነፃ ይወርዳሉ። ለማንበቢያ ቶሪየም ሪደር፣ ፋይል ለመቀየሪያ ደግሞ ካሊበር፣ እነሱም ነፃ ናቸው። አንዴ ኔትወርክ ጥሩ የሆነ ቀን ካወረዳችኋቸው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሰራሉ፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የራሳችሁ ላፕቶፕ ከሌላችሁ ኤንቪዲኤን ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ኢንሰርት ኤን ብላችሁ ቱልስ ውስጥ ፖርተብል ኮፒ ሚለውን ምረጡ፣ ላብ ውስጥም ሰው ቤትም ፍላሹን ሰክቶ ማስነሳት ነው።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የፋይሉን ኮፒ አስቀምጡ። ኦሪጅናሉ አይነካም። መብራት ሳይታሰብ ስለሚሄድም ኮንትሮል ኤስ በየደቂቃው ልማድ ይሁን።

ድምፁን አማርኛ ማድረግ

ኤንቪዲኤ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ አማርኛ ያነባል። ኢንሰርት ኮንትሮል ኤስ ሲንተሳይዘሩን (ኢስፒክን ምረጡ)፣ ኢንሰርት ኮንትሮል ቪ ደግሞ የድምፅ ሴቲንጉን ይከፍታል፣ ቮይስ ሚለው ላይ አማርኛን ምረጡ። ድምፁ የሮቦት ነው፣ መጀመሪያ ጆሮ ይከብደዋል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በፍጥነት እያስኬዳችሁ ታነቡበታላችሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ሚጠብቀውንና ሚላላውን አይለይም፣ ስለዚህ ቃሉ ትክክል ተጽፎም ጎርበጥ ብሎ ሊሰማችሁ ይችላል፣ ያንን ስህተት ነው ብላችሁ ጽሑፉን እንዳትነካኩት።

እርማት ላይ ስትሆኑ ኢንሰርት ፒ እየተጫናችሁ የምልክት ንባቡን ኦል ላይ አድርጉት። ለንባብ ስትመለሱ ዝቅ አድርጉት፣ አለዚያ ያሰለቻል።

ፋይሉ ምን አይነት ነው?

ይሄ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ምትሰሩት በሙሉ በዚህ ነው ሚወሰነው። ሶስት አይነት ፋይል ይመጣላችኋል።

አንዱ እውነተኛ ዩኒኮድ አማርኛ ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል የትም ኮምፒውተር ላይ ማይቀየር የራሱ ቁጥር ያለው። ሁለተኛው በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው፣ እነ ፓወር ግዕዝ እነ ቪዥዋል ግዕዝ በዩኒኮድ ሳይሆን በድሮው አሰራር ሲጻፍባቸው ለአይን አማርኛ ሚመስል ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል የሆነ ጽሑፍ ነው ሚያወጡት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ሁሉ እንደዛ ነበር፣ ከዛም በኋላ ብዙ ጸሐፊዎች በለመዱት ቀጥለዋል። ሶስተኛው ስካን ነው፣ ማለትም የገጹ ፎቶ፣ ውስጡ ምንም ፊደል የለም።

በምን ትለያላችሁ? ከርሰሩን አንድ ፊደል ላይ አድርጉና የነምፓድ 2ን ሶስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ (በላፕቶፕ አቀማመጥ ኢንሰርትና ነጥብ ሶስት ጊዜ)፣ ኤንቪዲኤ የፊደሉን ቁጥር ይነግራችኋል። ከ4608 እስከ 4991 ባለው ውስጥ ከሆነ የግዕዝ ዩኒኮድ ነው፣ ተገላገላችሁ። ከ256 በታች ከሆነ ግን ጽሑፉ አማርኛ መሆን እያለበት ቁጥሩ የእንግሊዝኛ ነው ማለት ነው፣ የድሮ ፎንት ነው። ምንም ሚነበብ ነገር ካላገኘ ስካን ነው። በዚህች መንገድ ማንንም ሳትጠይቁ ትለያላችሁ፣ እኔ ለማውቀው ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ማሳየው ይቺን ነው።

የድሮ ፎንት ከሆነ ፋይሉን ወደ ጻፈው ሰው ወይ ቤት ተመልሳችሁ "ወደ ዩኒኮድ ኮንቨርት አድርጉልኝ" በሉ፣ መቀየሪያ ያላቸው አሉ። ከሌላቸው ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ፕሪንት አድርጎ ስካን ማድረግና እንደ ስካን መያዝ ነው፣ ዞሮ ዞሮ ይሰራል።

ስካን ከሆነ ኦሲአር ያስፈልጋል፣ ማለትም ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ሚቀይር ፕሮግራም። ስካን ሚያደርግላችሁን ሰው 300 ዲፒአይ ላይ አድርገው በሉት፣ ገጹ እንዳይንጋደድም ንገሩት፣ ግማሹ ስራ እዛ ላይ ነው ሚያልቀው። ከዛ ጉግል ድራይቭ ላይ ጭናችሁ አፕሊኬሽን ቁልፍ፣ ኦፕን ዊዝ፣ ጉግል ዶክስ ስትሉት አማርኛውን አውጥቶ ይሰጣችኋል። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል፣ ስለዚህ መጽሐፉን ቆራርጣችሁ ጫኑ። ኢንተርኔት ከሌለ ቴሰራክት ሚባለው የኦሲአር ፕሮግራም አማርኛ ያውቃል፣ በኮማንድ ነው ሚሰራው፣ ለስክሪን ሪደር ደግሞ ኮማንድ ከብዙ ፕሮግራም ይመቻል።

ኢፐብ ሆኖ ተዘጋጅቶ ግን ተበላሽቶ የመጣ ከሆነ በካሊበር ወደ ዎርድ መልሱት። የካሊበር መስኮት ለኤንቪዲኤ ብዙም አይመችም፣ ስለዚህ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ኢቡክ፣ ሰረዝ፣ ኮንቨርት ብላችሁ በእንግሊዝኛ አያይዛችሁ ጻፉ፣ ስፔስ፣ ያለው ፋይል ስም፣ ስፔስ፣ አዲሱ ፋይል ስም ከነ ዶክኤክስ መጨረሻው፣ ኢንተር። በቃ። የኢፐቡን ኮድ ሲጂል በሚባል ፕሮግራም ከፍቶ ማረምም ይቻላል፣ ኮድ ለለመደ ሰው ጥሩ ነው፣ ለጀማሪ ግን የዎርዱን መንገድ ነው ምመክረው።

የተቆራረጡ መስመሮች

ከፒዲኤፍ ወይ ከኦሲአር የመጣ ጽሑፍ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ኢንተር አለበት፣ ድምፁ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቆም እያለ ያነብላችኋል፣ ሀሳቡን መያዝ አይቻልም። ዎርድ ላይ እንዲህ ይስተካከላል። በምዕራፍ በምዕራፍ ስሩት፣ ምዕራፉን ሴሌክት አድርጉና ኮንትሮል ኤች። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። ፋይንድ ላይ ካሬት ፒ ካሬት ፒ (ካሬት ማለት ሺፍትና 6 ነው)፣ ሪፕሌስ ላይ መጽሐፉ ውስጥ የማይገኝ ነገር፣ ለምሳሌ @@@፣ ከዛ አልት ኤ (ሪፕሌስ ኦል)። ቀጥሎ ፋይንድ ላይ አንድ ካሬት ፒ፣ ሪፕሌስ ላይ አንድ ስፔስ፣ አልት ኤ። መጨረሻ ላይ @@@ን መልሳችሁ በካሬት ፒ ተኩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ዎርድ ስንት እንደቀየረ ይነግራችሁና ቀሪውን ዶክመንትም ልቀጥል ወይ ይላል፣ ኖ በሉት።

ይሄን ከማድረጋችሁ በፊት ግን የገጽ ቁጥሮቹን አስቡ። ከስካን የመጣ ፋይል ላይ የገጽ ቁጥሩ ጽሑፉ መሃል ወድቆ ነው ምታገኙት፣ አንዳንዱ ያጠፋዋል፣ እኔ ግን አታጥፉት ነው ምለው። ክላስ ውስጥ መምህሩ "ገጽ 47 ላይ ያለውን" ሲል ሌላው ተማሪ ሲገልጥ እናንተም መድረስ አለባችሁ። ቁጥሩን ለብቻው አድርጋችሁ ከላይም ከታችም ባዶ መስመር ስጡት፣ መስመር ስታገጣጥሙ አይጠፋም። ዎርድ ቱ ኢፐብ ደግሞ የገጽ ቁጥር ሚባል የዴይዚ ስታይል አለው፣ ቁጥሩን በዛ ስታይል ካደረጋችሁት ኢፐቡ ላይ ወደ ገጽ 47 ሂድ ሲባል ይሄዳል።

አራት ነጥብ

ይሄ ትንሽ ይመስላል፣ የአማርኛ ፋይል ላይ ግን ከምንም በላይ ንባብ ሚያበላሸው እሱ ነው። አይናማ ሰው አራት ነጥብ ሲጽፍ ወይ ሁለት ጊዜ ኮለን ይመታል ወይ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ፣ ለአይን አራት ነጥብ ይመስላል። ለስክሪን ሪደሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፣ ወይ "ኮለን ኮለን" ይላል ወይ ሳያርፍ ሚቀጥለው ላይ ይጋልባል። በቁጥር ስታዩት እውነተኛው አራት ነጥብ 4962 ነው፣ ሁለት ነጥብ 4961፣ የእንግሊዝኛው ኮለን 58።

አራት ነጥብ ኪቦርዳችሁ ላይ ማግኘት ካስቸገራችሁ ዎርድ ገጽ ላይ 1362 ብላችሁ ጻፉና አልት ኤክስ ተጫኑ፣ ይቀየራል፣ ኮፒ አድርጉት። ሁለት ነጥብም በ1361 እንደዛው ይወጣል። ከዛ በኮንትሮል ኤች ሁለት ኮለን ያለውን በሙሉ በአራት ነጥብ፣ ሁለት ሁለት ነጥብ ያለውንም በሙሉ በአራት ነጥብ ተኩ። ቀጥሎ ከአራት ነጥብ በፊት ያለውን ስፔስ አጥፉ። በቃላት መሃል ነጠላ ሁለት ነጥብ የገባበት የቆየ መጽሐፍ ከሆነ እሱን በስፔስ ተኩት፣ እዚህ ላይ ግን ሪፕሌስ ኦል አትበሉ፣ 3፡00 ብሎ ሰዓት የተጻፈበት ካለ ይበላሻል፣ አንድ በአንድ እየሰማችሁ አልት አር (ተካ) ወይ አልት ኤፍ (እለፍ) በሉ። ቅደም ተከተሉም እንዳይገለበጥ፣ ነጠላውን መጀመሪያ ካጠፋችሁ ጥንዶቹም አብረው ይጠፋሉ፣ ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ ማወቂያ አይኖራችሁም።

ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝንም እያያችሁ ሂዱ፣ እነሱ ብዙ አያስቸግሩም።

ፊደል እርማት በጆሮ

ኦሲአር አማርኛ ላይ ሚሳሳተው በአብዛኛው ቅርፃቸው ሚቀራረብ ፊደሎች ላይ ነው፣ ሰን ስ፣ በን ቡ፣ ከን ክ ያደርጋል። ይሄን ጆሮ ይይዘዋል፣ "ሰው" ሚለው "ስው" ሲል ወዲያው ይሰማችኋል። ቆም ብላችሁ በቀስት ፊደል በፊደል ሂዱ፣ አስተካክሉ፣ ቀጥሉ። ያው ስህተት ደጋግሞ ሲመጣ ሙሉ ቃሉን በሪፕሌስ ኦል አስተካክሉት። ፊደሉን ብቻውን ግን ሪፕሌስ ኦል እንዳታደርጉ፣ ደህናውንም ያበላሽባችኋል።

ጆሮ የማይይዘው ሞክሼ ፊደሎቹን ነው። የጣናው ሞጁል ውስጥ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሳ፣ አሣ ተብሎ በአራት መልክ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ድምፁ ለአራቱም አንድ ነው። ችግሩ ሚመጣው ስትፈልጉ ነው፣ በኮንትሮል ኤፍ አንዱን ጽፋችሁ ብትፈልጉ ሶስቱን አያገኝላችሁም፣ "ስለዚህ ነገር መጽሐፉ ምንም አላለም" ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ዋና ዋና ቃላቱን፣ በተለይ የቦታና የሰው ስሞችን፣ ደራሲው አብዝቶ በተጠቀመበት አጻጻፍ አንድ አድርጓቸው። የትኛው እንደሆነ በቁጥሩ ትለያላችሁ፣ የየቤቱ የመጀመሪያ ፊደል ቁጥር ይሄ ነው፣ ቀሪዎቹ ከሱ ቀጥለው ይቆጠራሉ፦ አ 4768 ነው፣ ዐ 4816፣ ሰ 4656፣ ሠ 4640፣ ጸ 4920፣ ፀ 4928። ልብ ወለድና ግጥም ላይ ግን ይሄን አታድርጉ፣ ደራሲው እንደጻፈው ይቆይ።

ርዕሶች

ርዕስ ማለት ቦልድ አድርጎ ትልቅ መጻፍ አይደለም፣ ቦልድ ለኛ ምንም ማለት አይደለም። የዎርዱ ሄዲንግ ስታይል ነው ሚያስፈልገው። ምዕራፉ ላይ ቁማችሁ ኮንትሮል አልት 1፣ ንዑስ ርዕሱ ላይ ኮንትሮል አልት 2፣ ከሱ በታች ላለው ኮንትሮል አልት 3። የተደበቁትን ለማግኘት ፋይንድ ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ኮንትሮል ቢ ተጫኑ፣ ቦልድ የሆነውን ብቻ ይፈልጋል፣ አንዱን ካገኛችሁ በኋላ በኢስኬፕ ውጡና ሺፍት ኤፍ 4 ወደሚቀጥለው ይወስዳችኋል። ኢንሰርት ኤፍ ደግሞ ያላችሁበት ጽሑፍ ቦልድ ይሁን ስንት ሳይዝ ይሁን ይነግራል።

ስትጨርሱ ኢንሰርት ስፔስ ብላችሁ ብራውዝ ሞድ ግቡና ኤች እየተጫናችሁ ከላይ እስከታች ሂዱ፣ ወይም ኢንሰርት ኤፍ 7 ብላችሁ ዝርዝሩን ስሙ። የርዕሶቹ ዝርዝር ብቻውን የመጽሐፉን ማውጫ ካልመሰለ የቀረ አለ።

ስዕልና ሰንጠረዥ

እዚህ ጋ አይናማ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ ሌላው ቦታ ሁሉ ሳትፈልጉት ብትሰሩም። ግን "ምን ይመስላል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁት "ካርታ ነው" ብሎ ያልፋችኋል። ጽሑፉ ስለምን እያወራ እንደሆነ መጀመሪያ አንብባችሁ ከዛ "ወንዞቹ ከየት በኩል ነው ሚገቡት? የቱ ነው ሚወጣው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዛ ስዕሉ ላይ ሺፍት ኤፍ 10፣ አልት ቴክስት (የስዕሉ ገለጻ) ሚለውን ከፍታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ "ካርታ 2" ብሎ ከመተው እንዲህ፦

"የጣና ሀይቅ ካርታ። ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ወደ ሀይቁ ይገባሉ። ዓባይ በደቡብ ጫፍ ባህር ዳር ጋ ከሀይቁ ይወጣል።"

ይሄን የሰማ ተማሪ ፈተና ላይ ስለ ጣና ገባር ወንዞች ቢጠየቅ ይመልሳል። አልት ቴክስት ረጅም ድርሰት አይሁን፣ ስዕሉ ለምን እንደገባ ሚናገር ሁለት ሶስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለጌጥ ብቻ የገባ አበባ ወይ መስመር ከሆነ ዲኮሬቲቭ ሚለውን ምረጡለት፣ ይዘለላል። ስዕሉ ጽሑፉ ላይ ተንሳፍፎ የተቀመጠ ከሆነ ራፕ ቴክስት ውስጥ ኢን ላይን አድርጉት፣ አለዚያ ኤንቪዲኤ ላያገኘው ይችላል። ቴክስት ቦክስ ውስጥ ያለ ጽሑፍም እንደዛው ነው፣ አውጥታችሁ ከሌላው ጽሑፍ ጋር ቀላቅሉት።

ሰንጠረዥ በስፔስና በታብ የተሰራ ከሆነ አፍርሳችሁ በእውነተኛ ቴብል ስሩት። የመጀመሪያውን ረድፍ ሪፒት ሄደር ሮው በሉት፣ ኮንትሮል አልትና ቀስት እየተጫናችሁ ስትዞሩ "ቀረሶ፣ አምባዛ" እያለ የቱ ዓምድ ውስጥ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። የተዋሃዱ ሴሎች ካሉ ለያዩዋቸው።

ቋንቋውን መናገር፣ ከዛ ወደ ኢፐብ

ኮንትሮል ኤ፣ ሪቪው ሪበን፣ ላንጉጅ፣ ሴት ፕሩፊንግ ላንጉጅ፣ አማርኛ። መሃል ላይ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ካለ እሱን ብቻ ሴሌክት አድርጋችሁ እንግሊዝኛ በሉት። ፋይሉ ራሱን እንግሊዝኛ ነኝ ካለ ኤንቪዲኤ ወደ እንግሊዝኛ ድምፅ ቀይሮ አማርኛውን ሊያነብ ይሞክራል፣ ጽሑፉ ምንም ችግር ሳይኖርበት ሰው "አይነበብም" ብሎ ይጥለዋል፣ እንዲህ የተጣለ ስንት መጽሐፍ አለ።

ከዛ ዎርድ ቱ ኢፐብን አስነሱ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቋንቋ ይጠይቃችኋል፣ በትክክል ሙሉት፣ ቋንቋው ላይ አማርኛ መሆኑን ደግማችሁ አረጋግጡ። የገጽ ቁጥር ምርጫውም እዛው አድቫንስድ ውስጥ ነው።

የወጣውን ኢፐብ ለኤስ ስጡት፣ አልት ቴክስት የሌለው ስዕል፣ የጎደለ መረጃ፣ የተዘለለ የርዕስ ደረጃ ካለ ዘርዝሮ ያወጣል። ዎርዱን አስተካክላችሁ እንደገና ቀይሩ፣ ኢፐቡን ሳይሆን። ኤስ ግን ስዕሉ ገለጻ አለው ይላል እንጂ ገለጻው ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም፣ ስለዚህ ቶሪየም ላይ ከፍታችሁ ከማውጫው አንድ ምዕራፍ ግቡ፣ አንድ ገጽ ቁጥር ዝለሉ፣ ሁለት ሶስት ቦታ ሙሉ ገጽ አዳምጡ። ብሬል ዲስፕሌይ (ጽሑፉን በጣት ሚነበብ ብሬል አድርጎ ሚያወጣ መሳሪያ) ያለው ሰው ካገኛችሁ ኤንቪዲኤ የኢትዮጵያ ብሬል ሰንጠረዥ ስላለው እሱም ይሞክርላችሁ፣ ጆሮ ያለፈውን ጣት ይይዘዋል።

ስትሰጡ

የቅጂ መብት ያለበትን መጽሐፍ ለሁሉም በየቻናሉ መልቀቅ ልክ አይደለም፣ ደራሲውም ሰው ነው። ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ሚዘጋጅ ቅጂን በተመለከተ በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ ኢትዮጵያም ገብታበታለች፣ ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ወይም በአይነ ስውራን ማኅበር በኩል እንዲቀመጥና እንዲሰጥ ማድረግ ይሻላል። የመምህሩ ሞጁል ከሆነ ደግሞ መምህሩን ጠይቁት፣ አብዛኛው ደስ ይለዋል፣ ከዛም በላይ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከመጀመሪያው በዩኒኮድ እንዲያስጽፈው ንገሩት።

ለሰው ምትልኩት ኢፐቡን ነው፣ የተስተካከለውን ዎርድ ግን እናንተ ጋ ይቀመጥ፣ ነገ ስህተት ያገኘ ሰው ሲነግራችሁ ምታስተካክሉት እሱን ነው። የፋይሉ ስም ላይ የመጽሐፉን ርዕስና የታረመበትን ወርና ዓመት ጻፉ፣ አንዱ ሰው ጋ አሮጌው አንዱ ጋ አዲሱ ሲሆን በስሙ ይለያል። ቴሌግራም ላይ ስትልኩ በፋይል ላኩት፣ ስልኩ ላይ ሚያነብ ልጅም ቶክባክን (የአንድሮይድ ስክሪን ሪደር) ከፍቶ ኢስፒክን አንድሮይድ ላይ ጭኖ ሊያዳምጠው ይችላል።